የሌባው ማር

ኅዳር ገብቶ ቀፎው ሲሞላ፣ ነቀምት ውስጥ ኦቦ ዋቅወያን የማይጠብቅ ደጅ አልነበረም። አህያቸውን በግራና በቀኝ ገንቦ ማር አስጭነው ከዲጋ መንገድ ብቅ ሲሉ የሰፈር ልጅ ሁሉ ጨዋታውን ጥሎ ይሮጣል። እሳቸው ግን አይቸኩሉም። ከመጀመሪያው ቤት ይጀምራሉ፤ አንድ ቁራጭ የማር እንጀራ ከነሰፈፉ በኮባ ቅጠል ላይ ያስቀምጣሉ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፣ ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋሉ። የሀብታም ቤት፣ የጠላ ሻጭ ቤት፣ የቄስ ቤት፣ የሚሲዮን መምህር ቤት አይሉም። ውሻው ተናካሽ የሆነበትም ቤት ቢሆን በዱላቸው እየተከላከሉ ይቆማሉ። ገንዘብ ሊሰጣቸው የሞከረ ሰው ቁጣቸውን ይቀምሳል። ጣታቸው ማር ሲነካው በሣር ይጠርጉታል እንጂ አይልሱትም፤ ማር ቆርጦ ጣቱን የማይልስ ሰው ደግሞ በዚያ አገር ከሳቸው በቀር አልታየም።

ያቺን ዓረፍተ ነገር ማን ይሰማል! ልጆቹ «የሌባው ማር መጣ! የሌባው ማር!» እያሉ ቅጠሉን ይሻማሉ። ስሙም እንዲሁ ወጥቶ ቀረ። የኛ ከተማ ሰው ያላወቀውን ከመጠየቅ መፍጠር ይቀለዋልና፣ አንዱ ሰውዬው በጎረምሳነታቸው ቀፎ ሰርቀው ንስሐ መግባታቸው ነው ይላል፤ ሌላው ንብ ረግማቸው ነው ይላል። ሁሉም ቅጥፈት ነው። እውነቱን እኔ ልንገራችሁ። ነገሩ ሲጀመር ዋቅወያ ገና ልጅ ነበርና አንቱታውን ለጊዜው እንተወው።

ያደገው ከዲጋ አለፍ ብሎ፣ መሬቱ ወደ ደዴሳ ቆላ ቁልቁል ከሚወርድበት አፋፍ ላይ ነው። አባቱ ከጫካው ዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀሉ የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ያ ዘመን የገባር ዘመን ነው። እሳቸውም ለአንድ የሸዋ ወታደር በገባርነት ተመርተው ነበርና፣ በየዓመቱ ማሩ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚሞላው የወታደሩ ገንቦ ነው፤ ለቤታቸው የሚተርፈው ከዚያ ቢተርፍ ነው። ገንቦውን ተሸክመው ነቀምት ድረስ ይወስዳሉ፤ ወታደሩ እስኪነሳ፣ እስኪበላ፣ እስኪወጣ ደጅ ይጠናሉ።

አንድ ኅዳር ማሩ ሲታይ ከገንቦው አንገት ጎድሎ ተገኘ። ወታደሩ ጠዋት ሙሉ ሆኖ የመጣውን አላየም፤ ያየው ጉድለቱን ነው። «መንገድ ላይ በልተኸው ነው!» ብሎ ሰውዬውን ከአጥሩ እንጨት ጋር እንዲያስሯቸው አዘዘ። ትንሹ ዋቅወያ አባቱ ሲታሰሩ ቆሞ ያያል። ይሄኔ ከጓዳ አንድ ልጅ ወጣ። አገጩ በማር ያብረቀርቃል። የወታደሩ ልጅ ሀብተጊዮርጊስ ነበር።

«አባባ፣ እኔ ነኝ የበላሁት» አለ።

አለንጋው ከገባሩ ጀርባ ተነስቶ በልጁ ጀርባ ላይ አረፈ። ሀብተጊዮርጊስ ሲገረፍ የሚያየው ዋቅወያን ብቻ ነበር፤ ዋቅወያም ዓይኑን አልነቀለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱን የሚለያቸው ጠፋ። አንዱ ለሌላው ቋንቋውን አስተማረው። ሀብተጊዮርጊስ ኦሮምኛው ጥሩ ነበር፤ ንብ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ይፈራ ነበር። አንዲት ንብ ብትመጣ ጋቢውን ተከናንቦ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ዋቅወያም ከዛፉ ላይ ሆኖ በሳቅ ይሞታል።

አባቶቻቸው ሲያልፉ ገባርነቱ ለልጅ ተረፈ። ሀብተጊዮርጊስ ግን ወዳጁን ጠርቶ «ከእንግዲህ ገንቦ ተሸክመህ ደጄን እንዳትረግጥ። ከመጣህ እንደ ጎረቤት ና፤ ባዶ እጅህን» አለው። ይህን ስል ዘመኑ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። አንዱ ገባሩን ስለማረ የሌሎቹ ጀርባ ከአለንጋ አልዳነም። ግፉም ግፍ ነበር፣ ወዳጅነቱም ወዳጅነት ነበር።

ጣሊያን በሰሜን ሲመጣ ሀብተጊዮርጊስ ከጦሩ ጋር ዘመተ። ሲመለስ የሄደው ሰው አልነበረም፤ ጥይት የቅልጥሙን አጥንት ሰብሮት ያነክሳል። አገሩም የተወው አገር አልነበረም። የሚሸሸው ወታደር የገበሬውን እህልና ከብት እየዘረፈ አለፈ፤ ዘመን ሙሉ የተጨቆነው ገበሬ ደግሞ ቀኑ ወጣልኝ ብሎ ተነሳበት። ሰፋሪው በያለበት ተበተነ። የሀብተጊዮርጊስ ሚስት የሺአረግ ትንሿን ልጃቸውን ማዘንጊያን አዝላ ዓባይን ተሻግራ ጎጃም ወገኖቿ ዘንድ ገባች። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያኖቹ ነቀምት ገቡና አዋጅ አስነገሩ፦ መሣሪያ የደበቀ ይረሸናል፤ ሽፍታ የደበቀ ከነቤተሰቡ ቤቱ ይቃጠልበታል።

ሀብተጊዮርጊስ እጁን አልሰጠም። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ወደ ደዴሳ በሚወርደው መንገድ ላይ የጣሊያንን የስልክ ሽቦ ቆረጠ። በዚያው ተባረሩ፤ ሁለቱ ጓደኞቹ ሞቱ። እሱ በቁጥቋጦ እየተሳበ አመለጠ። ከዚያች ቀን በኋላ የሠራውን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ዋቅወያ።

ወደ ዋቅወያ ቤት የመጣው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የዋቅወያ ሚስት ድርቤ ላሟን እያለበች ነበር፤ ከጋጣው ኋላ የሰው ትንፋሽ ሰማችና ባሏን ጠራችው።

«ኦቦሌሳ ኮ» አለ ሰውዬው፤ ወንድሜ ማለቱ ነው።

«ሀብቴ? አለህ እንዴ?»

«እስካሁን አለሁ። ዛሬን አሳድረኝ፤ ነገ እሄዳለሁ።»

«በዚህ እግር?» አለች ድርቤ። ሚሲዮን ቤት ፊደል የቆጠረች፣ ያሰበችውን ሳታሽሞነሙን የምትናገር ሴት ናት። «ልጆቼን ታስፈጅብኛለህ፣ ሀብቴ። እወቀው።» የላሟን ጥጃ ስባ አሠረች። ዘወር ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «በል ግባ፤ የተቀቀለ አንጮቴ አለ» አለችው።

አንጮቴ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል ይባላል፤ ወለጋ ውስጥ ወገቡ የተቀጨውም፣ ከበቅሎ የወደቀውም የሚበላው ይህንኑ ሥራሥር ነው። ድርቤ ያንን ሰው አንጮቴ አበላችው። በማግስቱ ዋቅወያ ጫካው ውስጥ ወዳለችው የንብ መጠበቂያ ጎጆ ወሰደው። ጎጆዋ ከቀፎዎቹ ሥር ነበረች። ንብ የሚፈራው ሰው የመጨረሻ ቤቱ በንብ የተከበበ መሆኑ ሁለቱንም አሳቃቸው። ያ ሳቅ የመጨረሻቸው እንዳልነበር ልንገራችሁ፤ አንድ ቀርቶ ነበር።

የኅዳሩ ማር እንደ ደንቡ ተቆርጦ ለየደጁ ደርሶ አልቋል። ከገና በኋላ ረሃብ መጣ። ጣሊያን ለጦሩ እህል ይሰበስባል፤ የጣሊያን አሽከር ደግሞ ለራሱ ይሰበስባል። ጎረቤት የጎረቤቱን ድስት ማየት ጀመረ። ድርቤ በመሶብ የምትሸፍናት ቁራሽ የት እንደምትሄድ ከሩቅ ይታይ ነበርና፣ ዋቅወያ ምግብ ማመላለስ ፈራ። ሀብተጊዮርጊስ ግን መብላት አለበት። ስለዚህ ዋቅወያ በየካቲት ቀፎ ከፈተ። ንብ የራሷን ስንቅ በምትበላበት ወር ማር መቁረጥ ዝርፊያ ነው፤ ያውቃል። እያጨሰ «ይቅር በሉኝ፣ ሰው ሊሞትብኝ ነው» አላቸው ንቦቹን። ማሩንም ከጎጆዋ ትቶት ባዶ እጁን ተመለሰ።

እዚህ ላይ የአገሩን ደንብ ማወቅ አለባችሁ። ማር የቆረጠ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ደጅ አይዘልም። በመንገዱ ላይ ላለ ቤት ሁሉ፣ ጠላቱም ቢሆን፣ ያቀምሳል። የዘለለ ሰው ንቦቹ ጥለውት ይሄዳሉ። ከሁሉም በላይ እርጉዝ ሴት ማር ሸቷት ሳትቀምስ ካለፈች ፅንሷ ይጎዳል ይባላል፤ በዘለላት ሰው ላይም ክፉ ይወራል። ከዋቅወያ ቤት ቀጥሎ ያለው ቤት የደረሳ ነበር። ሚስቱ ደራርቱ ከዚያ በፊት ሁለቴ አርግዛ ሁለቴም አልበረከተላትም፤ ያን ጊዜ ሆዷ ገፍቷል።

ዋቅወያ ከጫካ ሲወጣ መንገድ ላይ አገኘችው።

«ኦቦ ዋቅወያ» አለች እየሳቀች፣ «ማር ማር ትሸታለህ። ለኔ ምን ይዘህልኛል?»

«ማር በየካቲት ከየት ይመጣል? ጉንዳን ገብቶ አጭሼ ነው» አላት።

ሳቋን ሳትጨርስ አለፈች። ዋቅወያ ቤቱ ገብቶ ለድርቤ ነገራት። ድርቤ እጇን ከሊጡ አወጣች።

«ተመለስና ከዚያው ቆርጠህ ስጣት።»

«ለሷ ከሰጠሁ ለየደጁ መስጠት አለብኝ። ማሩ ከየት መጣ ይሉኛል። የቀረውን ለማን ትተኸው መጣህ ይሉኛል።»

«በአፏ ጠየቀችህ፣ ዋቅወያ። እርጉዝ ናት።»

«ሀብቴ ይሞታል፣ አልኩሽ!»

ዋቅወያ ክፉ ሰው ሆኖ አልነበረም። ፈርቶ ነው። ወዳጁን የሚያድን ጥንቃቄ መስሎት ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የተባለው ለሱ ይመስለኛል።

የደራርቱ ልጅ ሞቶ ተወለደ። ማሩ ነው፣ ረሃቡ ነው፣ የሴትየዋ ዕድል ነው፣ እኔ አላውቅም። ደራርቱ ግን አልተጠራጠረችም። ሰው ሊያስተዛዝናት ሲመጣ «ማር ሸተተኝ፣ ጠየቅሁት፣ ዋሸኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራትም። ደረሳም ዋቅወያን ሽማግሌ ፊት አቆመው።

ሸንጎው ከዋርካው ሥር ተቀመጠ። አንጋፋው ሽማግሌ ተረፋ ነገር ከማክረር ማብረድ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ከኋላ፣ ከሕዝቡ መሐል፣ ባቻ የሚባል ሰው ተቀምጧል፤ የአባ ቆሮ መገርሳ አሽከር ነው። አባ ቆሮ የሚባለው የአገሩ ባላባት ሲሆን፣ መገርሳ ጣሊያን ሲገባ ቀድሞ ከሰገዱት አንዱ ነበር።

«ዋቅወያ ልጄ» አሉ ተረፋ፣ «ነገሩ ቀላል ነው። ማር አልቆረጥኩም ካልክ ማልና ሂድ። ቆርጬ ደጅ ዘለልኩ ካልክም ይቅርታ ጠይቅ፤ እናስታርቃለን።»

መማል ይችል ነበር። አንዲት የሐሰት መሐላ ሀብተጊዮርጊስን ታድን ነበር። ነገር ግን የሕፃኑ መቃብር ከተቀመጡበት ይታያል፤ አፈሩ ገና አልደረቀም። በሞተ ሕፃን ላይ በሐሰት የማለ ሰው ልጆቹን ይቀብራል ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው ነው። ልጆቹ ዓይኑ ላይ መጡበት።

«ቆርጫለሁ» አለ። «ደጅ ዘልያለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ሸንጎው ቀለል አለው። ደረሳ እንኳ ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው አበቃ» አሉ ተረፋ። «ሂድና ከዚያው ማር አምጣ። ለደራርቱ አቅምሳት፤ ሌላችንም እንቅመስና እንታረቅ።»

ዋቅወያ አልተነሳም።

«ማሩ የታለ?» አሉት፤ በቅንነት ነው የጠየቁት።

ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ ያን ቀን ግን ከጩኸት ይልቅ ጮኸ። በቤቱ የሌለ፣ ያልተሸጠ፣ ለጎረቤት ያልተሰጠ፣ በረሃብ ወር የተቆረጠ ማር ማን በላው? ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ገባው። ከሁሉ በኋላ የገባው ለከሳሹ ለደረሳ ነበር። ፊቱ ዓመድ መሰለ። እሱ የፈለገው ይቅርታና አንድ ቁራጭ ማር እንጂ የሰው ነፍስ አልነበረም።

«ክሴን ትቻለሁ!» አለ ብድግ ብሎ። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ሚስቴ ታማ ነበር፤ የሸተታት ሌላ ነው። አልከስም! ማር የሚባል ነገር የለም!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ባቻ በቅሎው ላይ ወጥቶ ወደ ዲጋ እየጋለበ ነበር።

ዋቅወያ ወደ ጫካው ሮጠ። ሀብተጊዮርጊስ ከጎጆዋ በር ላይ ተቀምጦ እግሩን በፀሐይ ያሻል። አጥንቱ መግጠም ጀምሮ ነበር፤ ለሚቀጥለው ወር ዓባይን እሻገራለሁ፣ የሺአረግን አገኛለሁ ይል ነበር። ዋቅወያ እየተንፈቀፈቀ ሁሉንም ነገረው። እሱም ሰማውና ሳቀ። የመጨረሻው ሳቅ ያ ነው።

«ማር በልቼ ሰው ማሳሰር ልማዴ ነው» አለ።

«ተነስ! አዝልሃለሁ። ደዴሳ እንውረድ።»

«እኔን ሲያጡ ቤትህን ያገኛሉ። ድርቤን ያገኛሉ።» ዱላውን ይዞ ተነሳ። «ስማኝ፤ አንተ አታውቀኝም። ቀፎህን የምዘርፍ ሌባ ነኝ። ማሩ የጠፋብህ በኔ ነው፤ ሸንጎ ላይ ዝም ያልከው በመዘረፍህ አፍረህ ነው። ሲጠይቁህ አዎ በል።»

«አልልም።»

«ድርቤ ልጆቼን ታስፈጅብኛለህ ብላኛለች። ውሸታም ላድርጋት።»

በሌላ መንገድ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ገፋው። ራሱ የማር እንጀራ በእጁ ይዞ፣ እያነከሰ፣ ባንዳዎቹ ወደሚመጡበት መንገድ ወጣ። ንቦች ዙሪያውን ይዞሩ ነበር፤ ያን ቀን ጋቢውን አልተከናነበም።

ወደ ዋቅወያ ግቢ አመጡት። አንድ የጣሊያን መኮንን ከአስተርጓሚው ጋር በበቅሎ ላይ ተቀምጧል። አዲስ አበባ ላይ በዚያው ወር በጣሊያኑ ገዥ ላይ ቦምብ ተወርውሮ የተደረገውን ጭፍጨፋ አገር ሁሉ ሰምቶት ነበር፤ የጣሊያኖቹ ዓይን ደም ለብሷል። አንድ ባንዳ የሚነድ ችቦ ይዞ ከሣር ክዳኑ ሥር ቆሟል። ድርቤ ልጆቿን አቅፋ በሩ ላይ ናት። ተረፋ፣ ደረሳ፣ ደራርቱም ሳትቀር፣ መንደሩ በሙሉ ተጠርቶ ቆሟል።

«ይህ ሰው ማርህን ሰርቄ በላሁ ይላል» አለ አስተርጓሚው። «ደብቀኸው ነው ወይስ ሌባህ ነው?»

ዋቅወያ ወዳጁን አየው። ሀብተጊዮርጊስ አገጩ ላይ ማር ነበር። ዓይኑን አልነቀለም፤ ሲገረፍ እንዳየው ነው ያየው።

«መልስ! ጮክ በል!» አለ አስተርጓሚው።

«ኤዬ» አለ ዋቅወያ። «አዎ። ሌባዬ ነው።»

ከመኮንኑ አጠገብ የቆመው መገርሳ ግን አልጠገበም። «እንግዲያው የአገሩ ደንብ ይፈጸም» አለ። የማር ሌባ ሲያዝ የዘረፈውን ቀፎ ተሸክሞ በገበያ ይዞራል፤ ቀፎውን በጀርባው ላይ የሚያስረው ደግሞ የተዘረፈው ሰው ራሱ ነው። ባዶ ቀፎ አመጡ። ዋቅወያ ጠፍሩን ያዘ። አላልቶ ቋጠረው።

«አጥብቀህ እሰር» አለው ሀብተጊዮርጊስ በቀስታ፣ በኦሮምኛ። «እያዩህ ነው።»

አጥብቆ አሠረ። ይህን እጁን ነው ኋላ ማር ሲነካው አልልስም ያለው።

በነቀምት ገበያ ቀን ሰቀሉት። ጠመንጃ ይዞ እንደተዋጋ ሰው እንኳ አልተቆጠረም፤ በሰው ቀፎ እንደኖረ ሌባ፣ ቀፎው ከጀርባው ሳይወርድ ነው የሞተው። ለሌባ ማን ፍትሐት ያደርጋል? ዋቅወያ ገበያ አልሄደም። ጫካው ውስጥ፣ ከባዶዋ ጎጆ በር ላይ ተቀምጦ ዋለ።

ከዚያ የባሰው ደግሞ የመጣው በማግስቱ ነው። ደረሳና ደራርቱ ወተት ይዘው ይቅርታ ሊጠይቁት መጡ። ደራርቱ ከእግሩ ሥር ወደቀች። «ሌባው ነው የበላው፤ አንተን ረገምኩህ፣ ይቅር በለኝ» አለችው። ደረሳ የሚያውቀውን ያውቃል፤ መሬት መሬት ያይ ነበር። ዋቅወያን ለማዳን ደግሞ ያለው መንገድ ዝም ማለት ነበር። ዋቅወያ ወተቱን ተቀብሎ ጠጣ።

ጣሊያን ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ጀግና ነበርኩ የማይል ሰው ጠፋ። መገርሳ እንኳ ባርኔጣውን ለውጦ በወንበሩ ላይ ቀረ። የሺአረግ ማዘንጊያን ይዛ ከጎጃም ተመለሰች። ገና ከገበያው ሳታልፍ ሴቶቹ «የማር ሌባው ሚስት» ሲሉ ሰማች። ዋቅወያ ከደጇ ሄዶ፣ ቁጭ በል ሳይባል ቆሞ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራት።

እሷ ሁሉንም ሰምታ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው።

«ሌባ ነው አልክ?»

«አልኩ፣ ወይዘሮ የሺአረግ።»

«ጮክ ብለህ?»

«ጮክ ብዬ።»

«እንግዲያው ጮክ ብለህ መልሰው» ብላ በሩን ዘጋች።

ሊመልሰው ሞከረ። ከመንግሥት የመጣ አንድ ሹም የአርበኛ ሚስቶችን ነገር ያይ ነበርና ከፊቱ ቀረበ። ሀብተጊዮርጊስ የስልክ ሽቦ የቆረጠ አርበኛ ነው አለ። ሹሙ ምስክር ጠየቀው። ሁለቱ ጓደኞቹ ሞተዋል። የመንደሩ ሰው ተጠራ። ሽማግሌው ተረፋ መዋሸት የማይችሉ ሰው ናቸው፤ «በጆሯችን የሰማነው ዋቅወያ ሌባዬ ነው ሲል ነው» አሉ እያዘኑ። መገርሳም አጠገባቸው ተቀምጦ ነበርና፣ ደረሳ ከፊቱ አፉን ለመክፈት ፈራ።

«ያኔ ነው የዋሸኸው ወይስ ዛሬ ነው የምትዋሸው?» አለ ሹሙ። «የቱን ልመን?»

«የዛሬውን።»

«ያኔም እንደዚሁ ምለህ ይሆናል» ብሎ አሰናበተው። ነፍሱን ያዳነባት ያቺ ቃል ወዳጁን ሁለተኛ ጊዜ ገደለችው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ግን የማይጠራም እውነት አይቻለሁ። ድርቤ «ባልዋሸህ ኖሮ እኔም ልጆችህም ዓመድ ነበርን፤ ተወው» ብትለው አልተወውም። በዚያ ዓመት ኅዳር ማሩን ሲቆርጥ ለቤቱ አንዲት ጠብታ ሳያስቀር ጫነና ነቀምት ገባ። ሹም ካልሰማ ደጅ ሁሉ ይስማ አለ። አንድም ቤት ሳይዘልል፣ ከእያንዳንዱ በር ላይ ቆሞ፣ ጮክ ብሎ ያቺን ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ሰው ማሩን ተቀብሎ «ገላቶማ፣ ዋቃ ይስጥህ» አለው። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ። የሺአረግ ቤት በመጨረሻ ነበር የሚደርሰው፤ ማሩን ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ትቶ ይሄዳል፣ በዓመቱ ሲመለስ በሩ እንደተዘጋ ይጠብቀዋል። ሴትየዋ እንዲሁ እንደተቀየመች አረፈች። ማዘንጊያ ጊምቢ ባል አግኝታ ሄደች፤ ስትዳር የአባቷን ስም አልጠራችም ይባላል።

እንግዲህ አንቱታውን እንመልስላቸው፤ ኦቦ ዋቅወያ አርጅተዋል። ድርቤም ሞታለች። ባለፈው ኅዳር እንደ ልማዳቸው አህያዋን እየነዱ መጡ። ድምፃቸው ደክሟል፤ አሁን ጮክ ለማለት ትንፋሽ ሰብስበው ነው። የመጨረሻው ደጅ ያው የሺአረግ የነበረችበት ቤት ነው፤ ዛሬ ሌሎች ሰዎች ተከራይተውታል። በሩን አንዲት ትንሽ ልጅ ከፈተች። ኦቦ ዋቅወያ ማሩን በኮባው ላይ አስቀምጠው፣ በዱላቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«ይህ የሀብተጊዮርጊስ ማር ነው» አሉ። «ሀብተጊዮርጊስ ሌባ አልነበረም።»

ልጅቷ ቅጠሉን በሁለት እጇ ታቅፋ በደስታ ወደ ውስጥ ሮጠች።

«እማዬ! እማዬ! የሌባው ማር መጣ!»

ኦቦ ዋቅወያ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን በሣር ጠረጉ።